የወር ቁጥርና የወር ስም፦ የኮሪያን ዘመን አቆጣጠር በሲ ሻርፕ ስለማመድ

ላለፉት ሦስት ሳምንታት ማታ ማታ ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የቀን ስሌት ስለማመድ ቆይቻለሁ። መነሻዬ የራሳችንን አሥራ ሦስት ወር የሚያስተናግድ ክላስ (አንድን ዓይነት ሥራ የሚያከናውን የኮድ ክፍል) መጻፍ ነበር። የሲ ሻርፕ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ዶት ኔት ለኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተዘጋጀ ክላስ ስለሌለው ለሌሎች አገሮች የተሠሩትን መርምሬ ከእነሱ ለመማር ወሰንሁና የኮሪያውን መረጥሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለኮሪያ የተሠሩት ክላሶች ሁለት ሲሆኑ መጀመሪያ ያደናገረኝም ይኸው ነው። «ኮሪያንካሌንደር» የሚባለው ስሙ የሚያስጠብቀውን ያህል ኮሪያዊ አይደለም፤ ወሮቹና ቀኖቹ የግሪጎሪያን ናቸው፣ የሚለየው የዓመቱ ቁጥር ብቻ ነው። በትውፊት ዳንጉን የጥንቷን ኮሪያ መሠረተ ከሚባልበት ከ2333 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለሚነሣ፣ 2024 በዚህ አቆጣጠር 4357 ይሆናል። «ዳንጊ» የተባለውን ይህን አቆጣጠር ደቡብ ኮሪያ ከ1948 እስከ 1961 በይፋ ሠርታበታለች።

ቀላል መስሎኝ የሠግር ዓመት መለያውን ራሴ ጻፍሁት፣ ወዲያውም ተሳሳትሁ። 4356 ለአራት ያለቀሪ ስለሚካፈል ፕሮግራሜ ለፌብሩዋሪ ሃያ ዘጠኝ ቀን ሰጠው፤ ዓመቱ ግን 2023 ነውና ሠግር አልነበረም። በአራት መካፈል የሚገባው 2333 ከተቀነሰ በኋላ ነው። ወር መደመርም የራሱ ጠባይ አለው። በጃንዋሪ 31 ቀን 4357 ላይ ሁለት ወር በአንድ ጊዜ ብንደምር ማርች 31 እናገኛለን፤ አንድ ወር ደምረን በውጤቱ ላይ ሌላ አንድ ወር ብንጨምር ግን መካከል ላይ ፌብሩዋሪ 29 ስለሚያስቆመን ማርች 29 ላይ እንደርሳለን። ስለዚህ ተከታታይ የክፍያ ቀኖችን የሚያሰላ ሰው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ እንጂ ካለፈው ውጤት ተነሥቶ መደመር የለበትም።

ሁለተኛው «ኮሪያንሉኒሶላርካሌንደር» ነው፤ ቹሶክ (የመከር በዓል) እና ሶላል (የጨረቃ አዲስ ዓመት) የተባሉት ታላላቅ በዓላት የሚሰሉበት እውነተኛው የጨረቃ አቆጣጠር ይህ ነው። ወሮቹ 29 ወይም 30 ቀን አላቸው፤ ዓመቱ ከፀሐይ እንዳይርቅም አንዳንዴ «ዩንዳል» የሚባል ጭማሪ ወር ይገባል። ጭማሪው እንደ ጳጉሜን በዓመቱ መጨረሻ ላይ አይቀመጥም፣ የትኛውም ወር ካለፈ በኋላ ሊመጣና ያለፈውን ወር ስም ሊደግም ይችላል። ሠንጠረዡም ከቻይናው ተለይቶ የተዘጋጀው በከንቱ አይደለም፦ በ1997 አዲሷ ጨረቃ የተወለደችው በሴኡል ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ደቂቃ አልፎ በመሆኑ ሶላል ፌብሩዋሪ 8 ሲውል፣ የቻይናው አዲስ ዓመት ፌብሩዋሪ 7 ዋለ።

ሁለት ማታ የፈጀብኝ ስሕተት የመጣው ከዚሁ ጭማሪ ወር ነው። ቹሶክ የስምንተኛው ወር አሥራ አምስተኛ ቀን ነው። በ2023 ከሁለተኛው ወር በኋላ ጭማሪ ወር ስለነበረ ክላሱ ለጭማሪው 3 የሚል ቁጥር ይሰጠዋል፤ የዓመቱን ጭማሪ ወር ቁጥር የሚናገረው «ጌትሊፕመንዝ» የተባለ ሜተድም (በክላሱ ውስጥ ያለ ትእዛዝ) የሚመልሰው ይህንኑ 3 ነው፤ ጭማሪ በሌለበት ዓመት ግን ዜሮ ይመልሳል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ወሮች ሁሉ በአንድ ስለሚገፉ የሴፕቴምበር 29ኙ ቹሶክ በኮዱ ውስጥ 9ኛ ወር ላይ ይገኛል። እኔ በዚህ ቀን ላይ ዓመት በሚደምረው «አድይርስ» በተባለ ሜተድ አንድ ዓመት ደመርሁ። ሜተዱ የወሩን ቁጥር ጠብቆ ሄደ፤ 2024 ግን ጭማሪ ወር ስላልነበረው 9 ቁጥር እውነተኛው ዘጠነኛ ወር ሆነና ኦክቶበር 17 ተመለሰልኝ። በዓሉ የዋለው ሴፕቴምበር 17 ነበር። ፕሮግራሙ ምንም ስሕተት ሳያሳይ አንድ ወር ሙሉ አሳለፈኝ፣ እኔም መጀመሪያ የጠረጠርሁት የራሴን የሰዓት ክልል ቅንብር ነበር።

አሁን የምጽፈው ሌላ ነው። ወሩን በስሙ ተራና ጭማሪ መሆኑን በሚናገር ምልክት ለይቼ እይዛለሁ፤ ወደ ክላሱ ቁጥር የምለውጠው ዓመቱ ከታወቀ በኋላ ነው። የዓመቱ ጭማሪ ወር ቁጥር ዜሮ ካልሆነና የምፈልገው ወር ከእሱ እኩል ወይም የሚበልጥ ከሆነ አንድ እጨምራለሁ። ለቹሶክ የ2020ን ኦክቶበር 1፣ የ2023ን ሴፕቴምበር 29 እና የ2025ን ኦክቶበር 6 ትክክል አውጥቷል።

ያስቸገረኝ አንድ ጉዳይ ቀርቷል። በ2023 ጭማሪ ሁለተኛ ወር የተወለደ ሕፃን ያው ወር ተመልሶ የሚመጣለት በ2042 ነው። ልዩነቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሆኑን ሳይ በባሕረ ሐሳብ ንኡስ ቀመር የምንለው ዑደት ትዝ አለኝ፤ ፀሐይና ጨረቃን የማስታረቁ ችግር አንድ ነውና። ለጊዜው ጭማሪው በሌለባቸው ዓመታት ልደቱ በመደበኛው ሁለተኛ ወር እንዲውል አድርጌያለሁ፤ ምርጫውን ግን ተጠቃሚው ራሱ እንዲለውጠው በሜተዱ ላይ አንድ ፓራሜትር (ተጠቃሚው የሚሞላው የምርጫ ዋጋ) ጨምሬለታለሁ።