ካሜራዬን ሆን ብዬ ያወዛወዝኩባቸው ሦስት ቀናት

ለወራት ስለ አይሲኤም ስሰማ ነው የከረምኩት፣ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መከለያ) ክፍት እያለ ካሜራውን ሆን ብሎ ማንቀሳቀስ ማለት ነው፣ ግን ከመስኮቴ የሚታየው አጥርና ሽቦ ብቻ ስለሆነ እቤት የሞከርኩት ሁሉ ዝም ብሎ የተበላሸ ፎቶ ይመስል ነበር። ሦስት ቀን እረፍት ሳገኝ ረጃጅም ዛፍ ያለበት ጫካ፣ አጠገቡም ሐይቅ ወዳለበት ቦታ ሄድኩ። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ደረስኩ። ያናደደኝ የመጨረሻዋ አጭር መንገድ ናት፣ ባለመኪናው የትራይፖድ ቦርሳሽ የሰው ቦታ ይዟል ብሎ ከተስማማንበት እጥፍ ተቀበለኝ። በጣም ነው የተናደድኩት፣ እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጫካው ውስጥ ወደ 200 ፎቶ አነሳሁ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 22፣ ማለትም በጣም ጠባብ፣ ሻተር ስፒድ ግማሽ ሰከንድ አካባቢ፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚከላከለውን የሌንሱን ስቴብላይዘር አጥፍቼ (ካላጠፉት እጅ የሚሠራውን እንቅስቃሴ ይታገላል)፣ ካሜራውን ከላይ ወደ ታች። ዛፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚወደው፣ ውሃ ደግሞ ወደ ጎን።

ሌሊቱ ከባድ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ፣ እኔ ደግሞ ፀጥታ ካልሆነ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይወስደኝም፣ ስለዚህ ላፕቶፕ ከፍቼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው፣ ሁሉም ግንድ ጫፉ ላይ ቋጠሮ ነገር አለው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ሻተሩን ተጭኜ ከዚያ ነው እጄን ያንቀሳቀስኩት፣ ካሜራው ቆሞ የነበረባት ያቺ ቅጽበት ፎቶው ላይ ቀርታለች። ሁለተኛው ነው የገረመኝ፣ ዛፉም ሰማዩም ቅጠሉም ተስቦ ተዋህዶ እያለ ሰማዩ ላይ ትንንሽ ክብ ጥቁር ነጥቦች ንቅንቅ ሳይሉ ቁጭ ብለዋል። ሴንሰሩ ላይ፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው የካሜራው ክፍል ላይ፣ ያለ አቧራ ነው። ኤፍ 22 ላይ አቧራ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ከካሜራው ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ደግሞ እሱ ብቻ አይደበዝዝም። አንሶላው ውስጥ ሆኜ ከነጥቦቹ አንዷን ብዙ አየኋት። በዚያ ሁሉ ብዥታ ውስጥ ዓይኔ የሚሄደው እሷ ጋ ነው፣ ሌላ የሚያርፍበት ነገር ስላልሰጠሁት።

ጠዋት ሴንሰሩን በአየር መንፊያ አፀዳሁና ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር፣ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ዘግቼ እንኳን ሻተሩ ከ1/50 ሰከንድ አልወርድ አለ፣ በሱ ፍጥነት ደግሞ ምንም አይሳብም። ወፍ ሊያነሱ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቤ ነበሩ፣ ቆይተው «ልጄ፣ በዚህ ብርሃን ያለ ፊልተር እንዴት ይሆንልሻል?» አሉኝ። ኤንዲ 8 የሚባለውን ፊልተር አወጡ፣ የብርሃኑን አንድ ስምንተኛ ብቻ የሚያሳልፈውን፣ ግን የሳቸው 77 ሚሊሜትር የኔ ሌንስ 67 ነው። «ቆይ እስቲ» ብለው ቦርሳቸውን እስከ ታች በርብረው ማገናኛ ቀለበት አገኙ። «እስከ ማታ ካንቺ ጋ ይቆይ» ብለውኝ ሄዱ። የማያውቁኝን ሰው! 1/50 የነበረው 1/6 ሆነ፣ ውሃውም መሳብ ጀመረ። አሁን እጄ ጉዞ ከጀመረ በኋላ ነው የምጫነው፣ ሻተሩ ከተዘጋም በኋላ አላቆምም፣ ቋጠሮው ጠፋ።

ማታ ፊልተሩን ስመልስ ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። ፎቶ አንሺው ኤርነስት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የስፔንን የበሬ ፍልሚያ በዘገምተኛ ሻተር በከለር እንዴት እንዳነሳ አጫወቱኝ፣ ከዚያ ዝም ብለው አይተው «ቆንጆ ነው፣ ግን ዓይኔን የት ላሳርፈው?» አሉ። የአቧራዋ ነገር መጣብኝ። «እኔም ሌሊቱን ሙሉ እሱን ነው ሳስብ ያደርኩት ጋሼ» አልኳቸው።

ደግነቱ ቀን ላይ ትራይፖዱን ዘርግቼ የሐይቁን ሸምበቆ ጥርት አድርጌ አንስቼ ነበር። እሱን ከተሳበው ውሃ ጋር ላዋህድ ብዬ ብሌንድ ሞዱን (ፎቶዎቹ የሚዋሃዱበትን መንገድ) ላይትን ሳደርገው ሸምበቆው ድራሹ ጠፋ፣ ላይትን ሁልጊዜ የሚያነሳው የበለጠ ብሩህ የሆነውን ነው፣ ሸምበቆው ጥቁር ውሃው ብሩህ ነው። ዳርክን ሳደርገው ተመለሰ፣ እያንዳንዱ ዘንግ። ካኖኔ እዚያው ካሜራው ውስጥ ከ2 እስከ 9 ፎቶ ያዋህዳል፣ ግን እንዲህ እየቀያየሩ ማየት ኮምፒውተር ላይ ይሻላል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ብቻውን የቆመ ዛፍ መረጥኩና ፎቶ አንሺው ፔፕ ቬንቶሳ እንደሚያደርገው እየዞርኩት 24 ፎቶ አነሳሁ፣ ግንዱን ሁልጊዜ መሃል አድርጌ። በአንድ በኩል ቦይ ስለነበረ እዚያ ጋ ወደ ዛፉ ተጠጋሁ፣ ክቡ ተሰበረ፣ በዚያ በኩል ያሉት ቅርንጫፎች ገዝፈው ወጡ።

ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ 24ቱን ፎቶ እንደ ሌየር አንዱን በአንዱ ላይ ደረደርኩ። የታችኛው ኦፓሲቲ (ከሥሩ ያለውን የሚሸፍንበት መጠን) 100 ፐርሰንት፣ ሁለተኛው 50፣ ሦስተኛው 33፣ አራተኛው 25፣ እንዲህ እያለ የላይኛው ኦፓሲቲ 4 ላይ ይደርሳል፣ ያኔ ሁሉም እኩል ድርሻ አላቸው። መጀመሪያ የወጣው ግራጫ ነገር ነው፣ ብዙ ሲዋሃድ ኮንትራስት (የጨለማና የብርሃን ልዩነት) ይሞታል፣ እሱን ስመልስለት ግንዱ መሃል ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ቆመ፣ ቅርንጫፎቹ በየአቅጣጫው እንደ ጭስ ተበተኑ። ሥሩ ጋ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቀይ አለ። ሳየው ሳየው ቆይቼ ነው የገባኝ፣ መሬት ላይ ያስቀመጥኩት ቦርሳዬ ሁለት ፎቶ ውስጥ ገብቷል። ሁለቱን ሌየሮች ዘጋኋቸው፣ ቀዩ ጠፋ፣ ግን በዚያ በኩል ዛፉ ሳሳ። መልሼ ከፈትኳቸው።