የአክስቴ እልልታ

ዛሬ ተረኛ አይደለሁም። ዝናቡ ከምሽት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አመሸ፤ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። እንዲሁ ሆድ ሲብሰኝ፣ ለስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና የሰበሰብኳቸውን ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች አውጥቼ የአናቶሚውን ክፍል ጀመርኩ። ታካሚ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ መድኃኒቱም መጠኑም እጄ ላይ ነው፤ የትኛው ነርቭ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን በየዓመቱ ከአእምሮዬ እየተነነ ይሄዳል።

17ኛው ጥያቄ ላይ ደረስኩ። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ድምፅዋ አልጎረነነም፤ ከፍ ያለ ቃና ማውጣት ግን አቅቷታል። የተጎዳው ነርቭ የትኛው ነው?

እጅ ቶሎ የሚሄደው ሪከረንት ላሪንጂያል ወደሚባለው የማንቁርት ነርቭ ነው። ዝነኛው እርሱ ነው፤ በግራ በኩል እስከ ደረት ወርዶ፣ ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ በአኦርታ፣ ቅስት ሥር ዞሮ፣ ተመልሶ ወደ ማንቁርት ይወጣል። እርሱ ሲጎዳ ግን ድምፅ ይጎረንናል። ስለዚህ መልሱ የላይኛው ላሪንጂያል ነርቭ ውጫዊ ቅርንጫፍ ነው። ክር የምታህል ነገር ናት። የምታዛት ትንሽ ጡንቻ የድምፅ አውታሮችን እንደ ክራር ጅማት ትወጥራለች፤ ካልተወጠሩ ቀጭኑ ድምፅ አይወጣም።

«ሐ»ን አከበብኩ። እርሳሱን ሳላነሳ አክስቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

በሰፈራችን ሠርግ የሚሞቀው እርሷ እልል ስትል ነበር። እጇን ከአፏ ጎን አድርጋ ስትለቀው ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ጨው ሁሉ እንቅርትን የሚከላከለው አዮዲን እንዲኖረው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ የአክስቴ አንገት ከዚያ በፊት አብጦ ነበር። ባሏ ሲሞትባት ጊዜ ጎረቤቱ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያለ አዘነላት። ቀዶ ሕክምናው ሲደረግላት እኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ የአናቶሚን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። በማግስቱ ሐኪሙ መጥቶ «እስቲ ይናገሩ እናቴ» አላት። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ። እኔም አልጋው አጠገብ ቆሜ ደስ አለኝ። እልል ይበሉ ያላት የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ክርስትና ነበረን። ሕፃኑ ከቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሁሉም ወደ እርሷ ዞረ። እጇን ወደ አፏ አነሳች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ነጠላዋን ወደ ጉሮሮዋ ሳብ አድርጋ፣ ማተቧ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያለውን ጠባሳ ሸፍና ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ በሠርግም በክርስትናም የምታጨበጭበው ብቻ ነው።

ቤተሰቡ «ከባሏ በኋላ ደስታ ራቃት» አለ። እርሷ ግን አንድ ቀን ቡና እያፈላች ለእኔ ብቻ ነግራኛለች። ከሕመሙ ብትነሣ ለማርያም ጥላ ልታገባ ተስላ ኖሯል፤ ገንዘብ አጥሯት ዓመት አሳለፈችው። «ስለቴን አዘገየሁ፣ እልልታዬን ወሰደችው» አለችኝ። ጥላውን ካገባች ስንት ዓመቷ! እልልታው ግን አልተመለሰም። እኔ ያን ቀን ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ። ሐኪም ሆኜ ዝም አልኩ።

መጽሐፉ ለቀዶ ሐኪም የሚያዘው ግልጽ ነው፤ የላይኛውን ደም ቅዳ ከእጢው ተጠግተህ እሰር፣ የታችኛውን ራቅ አድርገህ። ነርቮቹ ከደም ቅዳዎቹ ጋር አብረው እንዳይታሰሩ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሸምድጄዋለሁ። ጥያቄውን ያወጣው ሰው እንደ አክስቴ ያለች ሴት አይቶ መሆን አለበት፤ እኔ አጠገቧ አድጌ አላየኋትም።

የቀሩትን ጥያቄዎች አልነካኋቸውም። ዝናቡም መቼ እንዳባራ አላወቅሁም።

ከፋሲካ በኋላ የመጨረሻ ልጇን ትድራለች። ከዚያ በፊት ሄጄ ጥፋቱ የስለቱ እንዳልሆነ ልነግራት ይገባል። ማርያም አልተቀየመችሽም ብላት ዕንባዋ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቀጥላ ግን «ታዲያ ማን ወሰደው ዶክተሬ?» ማለቷ አይቀርም። ያን ጊዜ ምን እላታለሁ?