ኮንፈረንስ ደህና መሆኑን እንዴት እንደምለካ

አራት ኪሎ አካባቢ የሚያስተምር ሰው «ፔፐርዎን ተቀብለናል፣ ክፍያውን ይላኩ» የሚል የኮንፈረንስ ኢሜይል ብርቁ አይደለም፤ ፔፐር የምንለው የጥናት ጽሑፍን ነው። ተማሪዎቼም ስልካቸውን ይዘው ይመጡና «መምህር፣ ይሄኛው ደህና ነው?» ይሉኛል። ሁሌ በግምት መመለስ ስላልተመቸኝ የራሴን መመዘኛ በኤክሴል ሠራሁ።

የጀመርኩት ከሚላክላቸው ፔፐር ከመቶ ስንቱን ይቀበላሉ ከሚለው ነው። ግን እሱን ብቻ ይዞ መፍረድ አያዋጣም። ደካማ ጽሑፍ የሚጎርፍበት ጉባኤ ብዙውን ሲጥል ጥብቅ ይመስላል፤ ጠበብ ባለ ዘርፍ ላይ የሚሠራ ወርክሾፕ ግን አብዛኛውን ተቀብሎም ግሩም ሊሆን ይችላል። ትልልቆቹም ጋ ቢሆን ዕድል የራሷ ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ2014 የኒውሪፕስ፣ ማለትም የትልቁ የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ጉባኤ፣ አዘጋጆች ከቀረበላቸው ፔፐር 10 በመቶ ያህሉን ለሁለት ኮሚቴ ለየብቻ ሰጥተው ነበር፤ አንዱ ከተቀበለው ከግማሽ በላዩን ሌላው ጣለው።

ስለዚህ አሁን ከሁሉም በላይ ነጥብ የምሰጠው ለገምጋሚዎቹ አስተያየት ነው። አንዱ ተማሪዬ «ጥሩ ሥራ ነው፣ እንግሊዝኛው ይስተካከል» የሚል ሁለት መስመር ይዞ መጣ። ተቀባይነት አግኝቷል፣ ግን ማንም አላነበበለትም። ሌላዋ ፔፐሯ ተጥሎባት፣ ሞዴሉን (ከዳታ የሚማረውን የኮምፒውተር ፕሮግራም) ያሠለጠነችበት ዳታ ከፈተነችበት ጋር መደባለቁን ሠንጠረዡን ጠቅሶ የሚያሳይ አስተያየት ደረሳት። እሷ ናት የተጠቀመችው፤ መመረቂያ ጽሑፏ የተስተካከለው በዚያ ነው። እውነተኛ ግምገማ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልጉ አይሲኤልአርን እጠቁማለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 እዚሁ አዲስ አበባ ሊካሄድ ታስቦ በኮሮና ምክንያት ወደ ኦንላይን የዞረው የኤአይ ጉባኤ ነው፣ የገምጋሚዎቹን አስተያየት ማንም ሰው ኦፕንሪቪው የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ማንበብ ይችላል።

ለወርክሾፕ መለኪያዬ ሌላ ነው። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የጥያቄ ሰዓቱን አያለሁ። እኛ ጋ የመክፈቻ ንግግር ይረዝማል፣ ሻይ ቡናው ይገፋል፣ በመጨረሻ የሚቆረጠው ጥያቄና ውይይቱ ነው። ወርክሾፕ ደግሞ ያለ ውይይት ምኑ ወርክሾፕ ነው! ከወራት በኋላም አቅራቢዎቹን እጠይቃለሁ፦ እዚያ ካገኛችሁት ሰው ጋር ተጻጽፋችኋል? ሥራችሁ ላይ የለወጣችሁት ነገር አለ?

ፋይሉን አሁን ከተማሪዎቼ ጋር አብረን ነው የምንሞላው። ፔፐሩ የተጣለበትም የደረሰውን አስተያየት ያስገባል፣ ቀጣዩ አመልካች ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት እንዲያነበው።