«ናው» ሲሉኝ «ነው» መስሎኝ

ሊዝበን ያረፍኩት አልፋማ ሰፈር፣ 28 ቁጥሯ ትራም እየተንገጫገጨች ከምታልፍበት መንገድ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ባልቴት ቤት ነው። ግድግዳው ስስ ነው። ሴትዮዋ ማታ ማታ ስልክ ሲያወሩ የሚሰማኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር። «ፖይሽ... ፖይሽ... ፖይሽ፣ ፖይሽ።»

ስልኬ ላይ ብፈልገው «ምክንያቱም» አለኝ። ሰው እንዴት ሩብ ሰዓት ሙሉ «ምክንያቱም፣ ምክንያቱም» ይላል?

በሦስተኛው ቀን ገባኝ። እናቴ ስልክ ላይ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገች የምትላት «አዎ» ናት! እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። የግድ መስማማት አይደለም። የስልኬ ትርጉምም ስህተት አልነበረም፤ ጽሑፍ ላይ «ምክንያቱም» ይሆናል። ቃሉ የመጣው «በኋላ» ከሚለው የላቲን «ፖስት» ነው። እኔማ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብዬዋለሁ።

ጣጣው ጭማሪ ሲገባበት ነው። «ፖይዜ» ካሉ ትከሻቸውን ሰበቅ አድርገው ነው፤ «እሱስ ልክ ነህ፣ ምን ይደረግ»። የቤት ኪራይ ከተነሳ አይቀርም። «ፖይሽ ሲም» ደግሞ ቃሉ «አዎ» ሆኖ ሳለ፣ በሽሙጥ ሲባል «አላመንኩህም» ነው።

እኔን ጉድ የሠራኝ ግን «ፖይሽ ናው» ነው። አንድ ጠዋት ሻወር ልገባ ብል ውሃው በረዶ። በተሰባበረ ፖርቱጋልኛ «ሙቅ ውሃ የለም?» አልኳቸው። «ፖይሽ ናው» አሉኝ። «ናው» የእነሱ «አይደለም» ነው፤ በአፍንጫ ይሉታል። ለእኔ ጆሮ ግን ቁርጥ የኛ «ነው»! በዚያ ላይ አንድ ብራዚላዊ የሥራ ባልደረባዬ «ሱቅ ስትገባ እንዲህ ካሉህ ምን ልታዘዝ ማለት ነው» ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ ግን ለብራዚል። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። ለካ ሴትዮዋ «አዎ፣ የለም» ነው ያሉኝ። ሲሊንደሩ ጋዝ አልቆበታል።

የመጨረሻ ቀን ሮሲዮ አደባባይ አጠገብ ባንኮኒ ተደግፌ ቢካዬን ስጠጣ (ሊዝበኖች ኤስፕሬሶን እንዲህ ይሉታል) ጎኔ የቆሙ ሽማግሌ ስለ እግር ኳስ ክለባቸው ስለ ቤንፊካ ጀመሩ። ግማሹም አልገባኝም። ትንፋሽ ሲወስዱ «ፖይሽ» እላለሁ። ሲያዝኑ «ፖይዜ»። ሲጨርሱ የሁለታችንንም ሒሳብ ከፍለው፣ ጀርባዬን መታ መታ አድርገውኝ ወጡ።