ጅማ ላይ ያገኘኋቸው መርከበኛ

ዛሬ ሂርማታ አካባቢ ዝናብ ይዞኝ አንዲት ቡና ቤት ገባሁ። አጠገቤ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ጋሼ የንግድ መርከብ ሜካኒክ ነበሩ። ጅማ የባለቤታቸው አገር ናት።

ልጅነታቸው ምፅዋ ነው። የካቲት 1982 ሻዕቢያ ከተማዋን ሲይዝ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ከውጊያው ይልቅ የሚያስታውሱት ከዚያ በኋላ የመጣውን የአውሮፕላን ድብደባ ነው። «እናቴ የአውሮፕላኑን ድምፅ ከእኛ ቀድማ ትሰማ ነበር» አሉኝ። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ የበለጠ አላወሩም፤ እኔም አልገፋሁም።

ስለ ባሕር ግን አንደበታቸው ተፈታ። በሞተር ክፍል አራት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት ማረፍ፤ ሙቀቱ ቀይ ባሕር ላይ ቱታን አጥበው እንዳወጡት ያርሳል። በ2001 አካባቢ የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ሲበረቱ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲያልፉ የመርከቡን ጠርዝ በእሾሃማ ሽቦ ያጥሩ፣ የእሳት ማጥፊያ ቱቦ ደግነው ያድሩ ነበር። እኛ ያኔ ዜናውን ሻይ እየጠጣን ነው የሰማነው።

የሚገርመኝ የራሳችን ነገር ነው፤ ከ1985 ጀምሮ ወደብ የሌላት አገር መርከብና መርከበኛ አላት፤ የጅማ ቡናም በጅቡቲ በኩል ይሻገራል።

«ባሕሩ አይናፍቅዎትም?» አልኋቸው።

«ባሕሩ ይናፍቀኛል። እኩለ ሌሊት ለተራ የሚቀሰቅሰኝ ሰው ግን አይናፍቀኝም!»

ሒሳቡን ልክፈል ብል በጄ አላሉም።