አይሸጥም

ቤቴ የመጣ ሰው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ እኔው የፈለፈልኩትን እንጨት ያያል፣ ጠጋ ብሎ በጣቱ ይነካካዋል፣ ከዚያ ጥያቄዋ ትመጣለች። «ስንት ትሸጪዋለሽ?» አልሸጥም ስል ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ያዝኑልኛል። አንዷ ጓደኛዬማ ባለፈው ቡና ላይ ቁጭ ብላ ሙሉ ቢዝነስ አቋቋመችልኝ። ኢንስታግራም ክፈቺ፣ የሙሽሮች ስም ቁረጪ፣ ለክርስትና መስቀል፣ ለምርቃት ቆብ፣ በዚያ ላይ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከጾም ውጪ ሠርግ የሌለበት ቅዳሜ የት አለና፣ ምን ሆነሽ ነው እጅሽን አጣጥፈሽ የምትቀመጪው! ገበያው እንዳለ አውቃለሁ። ግን አልፈልግም። ፈንዲሻ እየቃሙ ይሄን ማስረዳት ስለማይመች እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ዕቃው። ስክሮል ሶው ይባላል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ ነው። ቀጭን ምላጭ ከላይና ከታች ተወጥሮ ወደ ላይ ወደ ታች ይመላለሳል፣ እናንተ እንጨቱን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ እያዞራችሁ ታቀርቡለታላችሁ። እማዬ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ቤዝመንት ወርዳ ስሠራ አየችኝና መጀመሪያ «ልጄ፣ ጣትሽን!» ብላ ጮኸች። ትንሽ ቆይታ ወንበር ሳበች። ከዚያ «ይኼማ ሲንጀር ነው» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፣ ታውቃለች። እንጨቱም እንደ ጨርቁ ነው የሚገፋው፤ ቸኩሎ የገፋም ያበላሻል፣ ፈርቶ የያዘም ያበላሻል።

ለጣቴ ብዙም አልሰጋም። ቢነካ ይቧጭራል፣ ይቆርጣልም፣ ግን ከኤሌክትሪክ መጋዞች መሀል ገራሙ እሱ ነው። የሚያስፈራኝ አቧራው ነው። ሰጋቱራው ሲደቅ አይታይም፣ ቀጥ ብሎ ሳንባ ነው የሚገባው። ማስክ ሳላደርግ ማሽኑን አልነካም።

የኔው ያገለገለ ዲዋልት ነው፣ ከጡረተኛ ጎረቤት የተገዛ። 20 ኢንች የሚሉት ዓይነት ነው፤ ከምላጩ እስከ ኋላ ድረስ ያለው ክፍተት ማለት ነው፣ ሰፋ ያለ እንጨት እንደልብ ያዞራል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ400 እስከ 1750 ምልልስ ይደርሳል። እኔ ከግማሹ ብዙም አላልፍም። ፍጥነት የሚወዱ አሉ። ቼሪ እንጨት ላይ ይሞክሩትና ጠርዙ ጠቁሮ ሲቃጠል ያዩታል።

ማሽኑን ተዉት፣ ዋናው ነገር ምላጩ ነው። ርዝመቱ 5 ኢንች ነው፣ በደርዘን ይሸጣል፣ ቁጥሩ ባደገ መጠን ይወፍራል። እኔ የምወደው ቁጥር 3ን ነው፤ ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ከረገበ እንጨቱ ውስጥ ይለምጣል፣ ቆረጣው ይንጋደዳል። ከልክ በላይ ከተወጠረ ደግሞ ጧ! ብሎ ይበጠሳል፣ ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል። ስለዚህ ከወጠርኩት በኋላ በጣቴ ነካ አደርገዋለሁ። ቲንግ ካለ ጥሩ፣ ድምፁ ከደነዘዘ ገና ነው። ሌላም አመል አለው። ብዙዎቹ ምላጮች ሲመረቱ በአንድ ጎናቸው ሻካራ ጠርዝ ይተርፍባቸዋል፣ ስለዚህ ቀጥ አድርጋችሁ ስትገፉ ወደ ቀኝ ይስባሉ። ጀማሪ ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። እንጨቱን ትንሽ አጋደል አድርጎ መግፋት ነው መፍትሔው፣ እጅ ከለመደ በኋላ አይታሰብም።

የኔ ደስታ ግን ቀዳዳው ላይ ነው። ከዳር የሚጀመር ቆረጣ ማንም ይቆርጠዋል። መሀል ላይ ያለ፣ በየትም በኩል መግቢያ የሌለው ቅርፅ ሲሆን ነው ሥራው የሚጥመው። በትራፓኖ ጠባብ ቀዳዳ ትበሳላችሁ። ምላጩን ከላይ ትፈቱታላችሁ፣ በቀዳዳው ታሾልኩታላችሁ፣ መልሳችሁ ታስሩታላችሁ፣ ትወጥሩታላችሁ፣ ቲንግ፣ መስመሩን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ሹል ጥግ ጋ ስትደርሱ ወደ ፊት መግፋቱን ታቆማላችሁ፤ ምላጩ ባዶውን እየተመላለሰ፣ ጥርስ የሌለው ጀርባው እንጨቱን ለስለስ አድርጎ እንዲነካ ታደርጉና እዚያው በቆማችሁበት እንጨቱን ዙር ታደርጉታላችሁ። የሰው ልምድ የሚታየው በዚች ዙር ነው። ከዚያ መስመሩ ከመነሻው ጋር ሲገናኝ ቁራጯ ጠብ ትላለች። ትፈታላችሁ፣ ታወጣላችሁ፣ ወደ ሚቀጥለው። አንድ ሰሌዳ ላይ መቶ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። ከመሀል ወደ ዳር ነው የሚኬደው፣ ምክንያቱም እንጨቱ በተቦረቦረ ቁጥር አቅም ያጣል፤ የውጪው ዙሪያ መጨረሻ ይቆረጣል።

የመሸጥ ወሬም እዚህ ላይ ያበቃል። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ቀን ሙሉ ኪኒን እቆጥራለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ «መቼ ይደርሳል?» ለሚለኝ ሰው ሰዓት እቆርጣለሁ። ማታ ቤዝመንት ስወርድ ደግሞ ሌላ ሰው «ለቅዳሜ ይደርሳል?» እንዲለኝ አልፈልግም። ሂሳቡም አይመጣም። መቶ ቀዳዳውን በሰዓት ካሰብኩት ማንም የማይከፍለው ዋጋ ይወጣል። ዋጋው ይውረድ ካልኩ ቀዳዳውን መቀነስ አለብኝ፣ ቀዳዳው ከቀነሰ ደግሞ የሌዘር መቁረጫ ያለው ሰውዬ ኮምፒውተሩን ተጭኖ ሻዩን እየጠጣ ይጨርሰዋል። ዳቦ መጋገር ነፍሷ የሆነ ዘመድ አለችኝ። መሸጥ ጀመረች፣ ተሳካላት፣ ዛሬ የድፎ ዳቦ ሽታ ራሷን ያማታል። ብሩ ጥሩ ነው፣ አልካድኩም። እኔ ግን ዳቦዬ እንዲሸተኝ እፈልጋለሁ።

ስጦታ ግን እሰጣለሁ። ለማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚቆረጥ የምወስነው እኔ እስከሆንኩ ድረስ። ጣጣው፣ አንዴ የሰጣችሁት ሰው «ለእህቴም አንድ» ይላል። እህቱን አላውቃትም!

ለአንዲት ሕፃን ክርስትና ስም ቆርጬ ነበር፤ ቤቴልሔም። እዚህ ላይ በኛ ፊደል ስም መቁረጥ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ ማንም ሲጽፍበት አላየሁምና። ፈረንጆቹ ስም ሲቆርጡ የተያያዘ የእጅ ጽሑፍ ይጠቀማሉ፣ ሁሉም ፊደል ተያይዞ አንድ ወጥ እንጨት ይሆናል። የኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ነው የሚቆመው። ካልተያያዘ ደግሞ ሲቆረጥ ይበታተናል። አንዳንዶች ፊደሎቹን እያቀራረቡ ያጣብቋቸዋል፤ እኔ አልወደውም፣ ሲያዩት ይጨንቃል። ከሥራቸው ቀጭን ዘንግ አሳልፌ ሁሉንም እዚያ ላይ ነው የማቆማቸው።

ከዚያ ቀዳዳዎቹ። ዐ አንድ አላት፣ መ ሁለት፣ ቀ መሀሏን እግሯ ስለሚሰነጥቃት እሷም ሁለት። ይኼ ሁሉ ቀላል ነው። ጉዱ ያለው ኃምስ ላይ ነው። ቤ፣ ቴ፣ ሔ፣ እግራቸው ሥር ያለችው ቀለበት! ውስጧ ምላጭ ማስገባት አለባችሁ፣ ዙሪያዋ ደግሞ የክብሪት እንጨት ያህል ብቻ ነው የሚተርፈው። ጣውላ ከሆነ የእንጨቱ መስመር በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ቀለበቷ በሆነ በኩል መስመሩን ታቋርጣለች፣ እዚያ ላይ ቀጭ ትላለች። በኮምፔንሳቶ ግን ንጣፎቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተሻገሩ ስለተጣበቁ ትይዛለች። ቤቴልሔም ሦስት ኃምስ አላት። አበበ ቢሆን ምን ነበረበት?

የልጅ ነገር ከተነሳ፣ የወንድሜ ልጆች የኢትዮጵያ ካርታ ቆራርጪልን፣ እንገጣጥመው ይሉኛል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የዚህ ጨዋታ ታሪክ ራሱ ከካርታ ነው የሚጀምረው። በ1760ዎቹ (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) ጆን ስፒልስበሪ የሚባል የለንደን ካርታ ሠሪ ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ድንበር እየቆረጠ ልጆች ጂኦግራፊ እንዲማሩበት ይሸጥ ነበር። እኔ ግን በየት በኩል ነው የምቆርጠው? ሲዳማ በ2020 ክልል ሆነ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ በ2023። የቆረጥኩት ሳይደርቅ ሌላ ሊወጣ ይችላል። በዚያ ላይ ሳሎን ውስጥ አጎቶች ይኖራሉ። ዝሆን ቆርጬ ሰጠኋቸው።

እንጨቱ ራሱ ተወዷል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ባልቲክ በርች የሚሉት ኮምፔንሳቶ ነው፣ 5 ጫማ በ5 ጫማ ሆኖ ይመጣል፣ ንጣፎቹ ብዙና ስስ ናቸው፣ መሀሉ ባዶ ቦታ የለውም። ብዙው ከሩሲያ ነበር የሚመጣው። የዩክሬን ጦርነት ከተነሳ በኋላ በ2022 አሜሪካ ቀረጡን ስትቆልለው ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ቁርጥራጭ አልጥልም። የምከተለውን ስዕል ከመለጠፌ በፊት እንጨቱ ላይ ሰፊ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር እለጥፋለሁ፤ ምላጩን ያለሰልሰዋል፣ እንጨቱም እንዳይቃጠል ይረዳል።

ተቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተልጎ ሲያልቅ በተልባ ዘይት አጠጣዋለሁ። በብሩሽ እንዳትሞክሩት፣ መቶ ቀዳዳ በብሩሽ አይዳረስም፤ ሰፊ ትሪ ላይ ዘይቱን አፍስሶ እንጨቱን መንከር ነው። እማዬ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ ደርሷት «ተልባ እየቆላሽ ነው እንዴ?» ብላኛለች። የሚበላው ግን አይደለም፣ ቶሎ እንዲደርቅ ኬሚካል ገብቶበታል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨመደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት ይነዳል። ቀልድ አይደለም፣ ስንት ቤት ተቃጥሎበታል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት።

አሁን የያዝኩት ሥራ የጣሪያ ክፈፍ ነው። ከቤቴ በእግር የሚደረስ ታኮማ ፓርክ አለ፣ በ1883 የተቆረቆረ ሰፈር። አሮጌዎቹ ቤቶች በረንዳቸው ላይ፣ ጣሪያቸው ጠርዝ ላይ፣ ዳንቴል የመሰለ የተፈለፈለ እንጨት አላቸው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ይሄ ነገር እብደት ነበር፤ ኢሊኖይ ሮክፎርድ ውስጥ ባርንስ የሚባሉ ወንድማማቾች በእግር የሚረገጥ ስክሮል ሶው እያመረቱ ይሸጡ ነበር፣ መብራት የማያስፈልገው። እዚያ ሰፈር ስዘዋወር ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ያየሁት ይመስለኛል። አይቼዋለሁ፣ አራዳ! አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በ1886 ነው፣ ሦስት ዓመት ብቻ ነው ልዩነቱ። ሠራተኛ ሰፈር፣ ፒያሳ፣ የራስ ብሩ ቤት የነበረው የአሁኑ የአዲስ አበባ ሙዚየም፣ እነዚያ የእንጨት በረንዳዎች። የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ከአበሻ አናጢዎች ጋር የሠሯቸው። ሐረርም የፈረንሳዊው ባለቅኔ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጎበኘው ፎቅ ፊቱ በሙሉ የእንጨት ሥራ ነው፤ ቤቱ እንኳ ባለቅኔው ከሞተ በኋላ የተሠራ የሕንዳዊ ነጋዴ ቤት ነው፣ ስሙ ግን ለራምቦ ቀረ። አሥራ ምናምን ሺህ ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ሰፈሮች፣ የአንድ ዘመን አናጢዎች፣ ያው ቀጭን መጋዝ፣ ያው ቀዳዳ። ስለዚህ ነገር ስጀምር ጓደኞቼ ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ።

ለማንኛውም፣ አዲስ አበባ ስሄድ ያነሳኋቸው የክፈፍ ፎቶዎች አሉኝ። አንዳንዶቹ ቤቶች ዛሬ የሉም፤ በእኛ 2016 ፒያሳ ላይ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ሄደዋል። አንዱን ቅርፅ ከፎቶው ላይ እቀዳለሁ፣ ክፈፍ ላይ ያው ቅርፅ ስለሚደጋገም አንዱ በትክክል ከተገኘ ሌላው ይከተላል። ከዚያ ሁለት ሦስት ሰሌዳ በፕላስተር ደራርቤ ባንዴ እቆርጣቸዋለሁ፣ ሁሉም እኩል ይወጣል። ቤዝመንቱ ጣሪያ ሥር ዙሪያውን ላስኬደው ነው። ቤዝመንት የጣሪያ ክፈፍ አያስፈልገውም፣ አውቃለሁ።

ችግሩ ፎቶዎቹ ከመንገድ ወደ ላይ የተነሱ ናቸው። ከታች ሲታይ ቅርፁ ያጥራል፣ ክቡ እንቁላል ይሆናል። በኮምፒውተር እየሳብኩ አቃናዋለሁ፣ ግን ምን ያህል መሳብ እንዳለበት የሚነግረኝ መነሻ ልኬት የለም። ስለዚህ ፎቶ ያላችሁ፣ በተለይ ፒያሳና ሠራተኛ ሰፈር ያደጋችሁ፣ ፎቅ ወይም ሰገነት ላይ ሆናችሁ የጎረቤት ክፈፍ ፊት ለፊት ያነሳችሁ ካላችሁ ላኩልኝ። የቤተሰብ ፎቶ ጀርባ ላይ ቢሆንም ችግር የለውም። አጠገቡ በር ወይም መስኮት ቢታይ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፣ መጠኑን ከሱ አወጣለሁ።