«ከዚህም መጀመር ይቻላል!»

ያቺን ካርድ ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ መጻሕፍት መደብር ነው። እዚህ አገር አዲስ መጽሐፍ የሚወጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ካርቶኑ ቀደም ብሎ ይገባል፤ ቀኑ ሳይደርስ ግን መደርደሪያ ላይ አይወጣም። ኖቬምበር 14 ቀን 2023 ተራው የአሜሪካዊቷ ደራሲ የማርታ ዌልስ «ሲስተም ኮላፕስ» ነበር። መርደርቦት («ገዳይ ሮቦት» እንደማለት) የሚባለው ገጸ ባሕርይ ተከታታይ ታሪክ ሰባተኛው መጽሐፍ ማለት ነው። ሰኞ ማታ አለቃችን መጥቶ «የምክር ካርድ ጻፉለት» አለን፤ ያነበበ ሠራተኛ ለገዢ የሚመክርባት፣ መደርደሪያው ላይ የምትለጠፈዋ ካርድ ናት። የሳይንስ ልብወለዱን ክፍል የያዘው ባልደረባዬ ስድስቱንም አንብቧል። «ይኼኛውን ሳላነብ አልጽፍም» ብሎ ካርቶን መቅደዱን ቀጠለ። አለቃችን ዞሮ እኔን አየ። ጻፍኩ።

ዝም ብዬ ግን አልነበረም። ስድስተኛውን አንብቤዋለሁ። የጠፈር ጣቢያ ላይ አንድ ሰው ተገድሎ ይገኛል፣ ገዳዩ ይፈለጋል፣ አለቀ። የፊተኞቹን ሳልነካ ገብቶኛል። ስድስተኛው ራሱን ችሎ ከቆመ ሰባተኛው ምን ይሆናል? «ከዚህም መጀመር ይቻላል!» አልኩ፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ። ቃለ አጋኖዋም የኔው ናት።

ማክሰኞ ከሰዓት አንድ አባት መጡ። ደረቴ ላይ ያለውን ስሜን አንብበው በአማርኛ ጀመሩ።

«ልጄ ልደቷ ነው። ሮቦት ሮቦት ትላለች። ይኼ ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ግማሹ ሰው ግማሹ ማሽን የሆነ ጥበቃ ነው። ጌቶቹ የገጠሙለትን መቆጣጠሪያ ራሱ ሰብሮ ነፃ ወጣ። ነፃ ሲወጣ ግን የሚወደው ቁጭ ብሎ ተከታታይ ድራማ ማየት ነው።»

«እንደ እናቷ በይኛ!» ሳቁ። «ወንድ ነው ሴት?»

«ሁለቱንም አይደለም።»

«‹ሰብሮ ወጣ› አልሽኮ አሁን።»

አፌን ያዝኩ። እንግሊዝኛው ሾልኮ ያልፋል። በአማርኛ ግን ገና ግሱን ስትጀምሪ ጾታ ይጠይቅሻል።

«ለመሆኑ አንቺ አንብበሽዋል?»

ካርዷን አየኋት። ካርዷም አየችኝ።

«አዎ ጋሼ።»

መጽሐፉን ገዝተው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃቱ ባይኖር ይሻለኝ ነበር።

ማታ አንዱን ኮፒ ይዤ ቤት ገባሁ። ሦስት ገጽ አልሄድኩም። ማን ማንን እንደሚያድን፣ ፕላኔቱ ለምን እንደተበከለ፣ ያቺ አመለኛ መርከብ ማን እንደሆነች ምኑም አልገባኝም። ለካስ ታሪኩ የሚቀጥለው አምስተኛው «ኔትወርክ ኢፌክት» ካቆመበት ነው። ስድስተኛው ከአምስተኛው በኋላ ይታተም እንጂ፣ ታሪኩ የሚሆነው ከአምስተኛው በፊት ነው። ይኼን ደግሞ ቁጥሩ አይነግርሽም።

ረቡዕ ጠዋት ባልደረባዬ ካርዷን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ጠበቀኝ። ምንም አላለም። በጣም ትሑት ሰው ነው፤ ዝም ብሎ ነው የሚሰድበው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጽሐፉ ላይ የውይይት ማታ ነበረን። የኔ ሥራ ወንበር መዘርጋት ነው። ስዘረጋ ቀና ብል አባትና ልጅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከግጥም መደርደሪያው ጀርባ ገባሁ። እዚያ ማንም አይመጣም።

ክርክሩ ጦፈ። አንዱ «ለአምስተኛው ተከታይ ሦስት ዓመት ተኩል ጠብቄ የተሰጠኝ ይቺው ናት?» አለ፣ መጽሐፉን በእጁ እየመዘነ። ሌላው፣ ሰፋሪዎቹን ከኩባንያው ለማዳን ፊልም መሥራት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው ብሎ ተናደደ። አንዲት አሮጊት ደግሞ ከሁሉም የወደድኩት ይኼን ነው አሉ፤ ያ ሁሉ ጥይት ያልበገረው ፍጡር ያለ ምክንያት እየደነገጠ፣ በራሱ እምነት አጥቶ ሲሠራ ማየት ለእሳቸው ይበልጥባቸዋል። ባልደረባዬ ክንዱን አጣምሮ ሁሉንም ያዳምጣል።

ከዚያ ልጅቷ እጇን አወጣች። ልቤ ቆመ።

«እኔ የጀመርኩት ከዚህ ነው» አለች። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። «ካርዱ ላይ ይቻላል ስለሚል። እስከ ሃምሳኛው ገጽ ምንም አልገባኝም። ግን መርደርቦትም አንድ የደረሰበትን ነገር ‹ተሰርዟል› እያለ ይዘለዋል፤ ሊነግረን አይፈልግም። አብረን የጠፋን መስሎኝ ወደድኩት። አሁን አንደኛው ላይ ነኝ።»

አንዱ አጨበጨበ። ባልደረባዬ ወደ ግጥሙ መደርደሪያ ዞረ። ያን ፊት ለመግለጽ ካርድ አይበቃም።

በማግሥቱ ግን አዲስ ካርድ በእጁ ጽፎ ለጠፈ፤ «ከአምስተኛው በኋላ ይነበብ» የሚል። ልክ ነው። እኔም ያላነበብኩትን «አላነበብኩትም» ማለት ጀምሬያለሁ። ቢያንስ ሰውዬው አበሻ ከሆኑ።

ለካስ ያልነገርኳችሁ፣ የውይይቱ ማታ ወንበር ሳጣጥፍ አባትየው ፈልገው አገኙኝ።

«ጥሩ መከርሽን። እኔም ጀምሬዋለሁ፤ እሷ እያስረዳችኝ።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ያኔ እኮ…»

«ተይው ተይው። ያን የወንድና የሴቱን ነገር ግን ፈታነው።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እኛ ቤት አንቱ ነው የምንለው። ‹ዛሬ ደግሞ እሳቸው ማንን ገደሉ?› ነው ጥያቄው።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ባልደረባዬ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀ። በእንግሊዝኛ ልነግረው ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።